ገና ደሞዝ ያልበላ ሰው የአሻራ ክፍያ

እንደምን አመሻችሁ? የምክር ቤት አባላት፣ ከሥራ ውላችሁ ሳታርፉ ወደዚህ የመጣችሁ ነዋሪዎች፣ ጊዜ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

የዛሬው አጀንዳ አጭር ነው። የሥራ አመልካቾች ለወንጀል መዝገብ ማጣሪያ አሻራ ሲሰጡ ስንት ይክፈሉ ነው ጥያቄው። ከመንገድና ከውሃ ጉዳይ ጎን ሲቀመጥ ቶሎ የሚያልፍ ነገር ይመስላል። እኔ ግን አሻራ በማንሳት ሥራ ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ፤ ይህች ትንሽ ክፍያ ማን ላይ እንደምታርፍ በየቀኑ አይቻለሁ። መዋዕለ ሕፃናት ልትቀጠር የመጣች ልጅ፣ የአረጋውያን ተንከባካቢ፣ የትምህርት ቤት ጥበቃ፣ የተማሪዎች ሰርቪስ ሹፌር። ሁሉም ገና አልተቀጠሩም። የመጀመሪያ ደሞዛቸው ገና ሩቅ ነው፣ ክፍያው ግን ዛሬ ነው።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ማጣራቱ ይቅር እያልኩ አይደለም። ከልጆቻችን ጋር የሚውል ሰው ማን እንደሆነ ይታወቅ። ስም ብቻ ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሰዎች ስንትና ስንት ናቸው፣ የሌላው ሰው ሪከርድ ባንተ ላይ ተለጥፎ ሥራ ብታጣስ? አሻራ ከዚህ ያድናል። ግን ሌላ መንገድ የመረጡም አሉ። በእንግሊዝ ለሥራ የሚደረገው ማጣሪያ በአብዛኛው በስም፣ በልደት ቀንና በአድራሻ ነው፤ አሻራ የሚመጣው «ይህ ሪከርድ የኔ አይደለም» የሚል ክርክር ሲነሳ ነው። ስለዚህ አሻራን የመረጥነው እኛ ነን። የመረጥነውን ነገር ሸክም በሙሉ ሥራ ፈላጊው ጫንቃ ላይ መጣል ልክ አይመስለኝም።

ወደ ዋጋው እንምጣ። አንድ ሰው ለአሻራ የሚከፍለው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ነው። አንዱ አሻራውን ለማንሳት የኛ ቢሮ የሚያስከፍለው ነው። ሌላው አሻራውን ከወንጀል መዝገብ ጋር የሚያመሳክረው የበላይ መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው ነው። ሁለተኛውን እኛ አንወስነውም፣ ተቀብለን እናስተላልፋለን። ሰው ግን ይህን አያውቅም፤ ደረሰኙ ላይ አንድ ድምር ብቻ ያያል፣ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም፣ ተናድዶ ይሄዳል። ሁለቱን ለየብቻ ጻፉለት። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

እኛ የምንወስነው የመጀመሪያውን ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እናስላ። ወጪው ምንድነው? ዋናው የሠራተኛ ጊዜ ነው። ሰው ይገባል፣ መታወቂያው ይታያል፣ ቅጹ ይሞላል፣ ከዚያ አሥሩም ጣቶች ከጥፍር ጫፍ እስከ ጥፍር ጫፍ ይንከባለላሉ፣ ቀጥሎ ጣቶቹ በጠፍጣፋው አንድ ላይ ይወሰዳሉ። በድሮው ቀለምና ካርድ ሲሠራ እጅ ማጠቢያው፣ ወረቀቱ፣ ፖስታው አለ። በስካነር ሲሆን የማሽኑ ጥገናና የመላኪያ መስመሩ አለ። እነዚህ እውነተኛ ወጪዎች ናቸው፣ ይቆጠሩ። የኃላፊው ደሞዝ ግን አመልካች ቢመጣም ባይመጣም የሚከፈል ነው። ስካነሩ በድጋፍ ገንዘብ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ዋጋው አንዴ ተከፍሏል፤ እንደገና ከሥራ ፈላጊ ኪስ አይሰብሰብ። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ የሚውልበትን ሰዓትም ለመጡት ሰዎች ማካፈል ልክ አይደለም።

ከወጪ በላይ ማስከፈል ክፍያ መሆኑ ይቀርና ግብር ይሆናል። ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ መራጮች እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቁት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሠረት፣ የአካባቢ መስተዳድር ለሚሰጠው አገልግሎት የሚያስከፍለው ገንዘብ ከተመጣጣኝ ወጪው ካለፈ እንደ ግብር ይቆጠራል፤ እንዳላለፈ የማስረዳት ግዴታውም የመስተዳድሩ ነው። እኛም ስሌቱን ለሕዝብ እንዘርጋ። ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ ደቂቃው ስንት ያወጣል፣ ይኸው ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አንዲት እናት ነበሩ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በጽዳት ሥራ ያሳለፉ። እጃቸው ላይ መስመር የለም ማለት ይቻላል፤ የጽዳት ኬሚካሉ በልቶታል። ስካነሩ እንቢ አለ። እጃቸውን አሻሸን፣ ቅባት ቀባን፣ እንደገና ሞከርን። አሻራው ሄዶ «ጥራት የለውም» ተብሎ ተመለሰ። ሲመለሱ እንደ አዲስ አስከፈልናቸው፣ ደንቡ እንደዚያ ነበርና። ቦርሳቸውን ከፍተው ሳንቲም ሲቆጥሩ እኔ ቆሜ አየሁ። እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ጥፋታቸው ምን ነበር? መሥራታቸው! ሲሚንቶ የሚያቦካ ግንበኛ፣ ቀኑን ሙሉ ወረቀት የሚያገላብጥ ሠራተኛ፣ ቆዳው የደረቀ ሽማግሌ፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ታማሚ ሁሉ አሻራው ሊጠፋ ይችላል። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍ ቢ አይ እንኳ አሻራው በጥራት ጉድለት ሁለት ጊዜ ከተመለሰ በስም እንዲጣራ መንገድ ይሰጣል። ችግሩ የታወቀ ነው ማለት ነው። እኛ ታዲያ በድጋሚ ለምን እናስከፍላለን?

ሁለት ነገር ልጨምርና ልቀመጥ። አሻራ የሚጠየቀው ለሥራው የተመረጠ ሰው ብቻ ይሁን። ለአንድ ክፍት ቦታ የተወዳደረው ሁሉ ተሰልፎ ከፍሎ አንዱ ብቻ ሲቀጠር፣ የቀሩት የከፈሉት በከንቱ ነው። ቀጣሪው ራሱ መስተዳድሩ ሲሆን ደግሞ ክፍያውን የሚቀጥረው ክፍል ይሸፍን። የበጎ ፈቃድ አገልጋዮችንማ ማስከፈል ያሳፍራል፣ ብዙ አልልም።

በእጃችሁ ያለውን የክፍያ ረቂቅ እዩልኝ። ሦስተኛው ረድፍ «ለድጋሚ አሻራ» ይልና ከመጀመሪያው ጋር እኩል ዋጋ ያስቀምጣል። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት እሱ ረድፍ ይሰረዝ። ሌላው ላይ ብንከራከርም ግድ የለኝም፣ ይህ ግን ዛሬ ማታ ይሰረዝልኝ።

አመሰግናለሁ።