ሰው ያለው ሰው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከጀርባ የሚጮኸው የጎንደር ፒያሳ ባጃጅ ነው፤ መስኮቱን ዘግቼም አልተወኝም፣ ታገሱት።

የማወራው ስለ መቅጫ ነው። አዎ፣ የዕድር መቅጫ። ቀብር ያልወጣ፣ ድንኳን ያልተከለ ሰው የሚከፍላት ብር። ድሮ በሰፈራችን ከብሩ ይልቅ ሐፍረቱ ነበር የሚከብደው፤ ስም ሲጠራ የሌለ ሰው በማግስቱ ጎረቤቱን ቀና ብሎ ለማየት ይቸገር ነበር። አሁን አሁን ግን አቅም ያለው ሰው መቅጫውን ከወርሃዊ መዋጮው ጋር ደርቦ ይከፍልና ይቀራል። ሣጥኑ ስለሚሞላ ገንዘብ ያዡ አይከፋቸውም። እኔን ግን ይከነክነኛል።

ምሁራኑ ይሄን ሁሉ፣ ሰው ከሰው ጋር ያለውን ትስስርና መተማመን ማለት ነው፣ «ማኅበራዊ ካፒታል» ይሉታል። ሮበርት ፑትናም የሚባል አሜሪካዊ ጣሊያን በ1970 እ.ኤ.አ. ያቋቋመቻቸውን የክልል መንግሥታት ለ20 ዓመት ያህል ተከታትሏል። መዋቅራቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ሆነ፤ የሰሜኖቹ ቀናቸው፣ የደቡቦቹ አንቀላፉ። እሱ ልዩነቱን ያገኘው በመዘምራን ቡድኑና በእግር ኳስ ክለቡ ነው። ሰው ዘመዱ ካልሆነ ሰው ጋር መሥራት በለመደበት አገር መንግሥቱም ይሠራል ነው የሚለው። እኔ ሙሉ በሙሉ አልዋጥልህ ብሎኛል። ድሃውን «እርስ በርስ ስለማትተማመኑ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ ለዘመናት ማን እንደገዛው፣ መሬቱ በማን እጅ እንደነበር መጠየቅ ነው የሚከብደው። ደቡብ ጣሊያንን ያለ አግባብ ይወቅሳል ብለው ፑትናምን የተቹትም ጥቂት አይደሉም።

ደግሞስ መተማመን ከሰማይ አይወርድም፣ ይሠራል። ዕቁባችንን እዩት። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ካልጠራ ብሩን አይነካም፤ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው። ጋናዎች ሱሱ፣ ደቡብ አፍሪካዎች ስቶክቬል፣ ሜክሲኮዎች ታንዳ ይሉታል፤ ውስጡ ያው ነው። ሰው ክፉ እንዳይሆን አይጸልዩም፣ ክፉ ቢሆን የሚይዘውን ያዘጋጃሉ። አራዳ ገበያ ላይ ባንክ ዞር ብሎ ሳያያቸው በዕቁብ ሱቅ የከፈቱ ስንት ናቸው!

የጎረቤት ጥቅም በክፉ ቀንም ይታያል። የጃፓኗ ኮቤ በ1995 እ.ኤ.አ. በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ከ6,000 በላይ ሰው አልቋል። ከፍርስራሽ በሕይወት ከወጡት አብዛኞቹን ያወጣው ግን ቤተሰብና ጎረቤት ነበር። ማን በየትኛው ክፍል እንደሚተኛ የሚያውቀው ጎረቤት ነዋ።

አሁን በአንድ ጥናት በኩል ዞሬ ወደ መቅጫዬ ልመለስ። በ2022 እ.ኤ.አ. ራጅ ቼቲ የሚባል የምጣኔ ሀብት ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር የ72 ሚሊዮን አሜሪካውያንን የፌስቡክ ወዳጅነት መረመረ። የድሃ ልጅ አድጎ ከድህነት የሚወጣው የት ነው? ሰው ተጠጋግቶና ተሳስቦ በሚኖርበት ሰፈር ሁሉ አይደለም። ከዚያ ይልቅ ጎልቶ የታየው ድሃውና ያለው በሚወዳጁበት ቦታ ነው። የድሃው ልጅ እንደ ሀብታሙ ልጅ ከባለጸጋ ጋር የሚቀራረብበት አካባቢ ቢያድግ፣ ኋላ የሚያገኘው ገቢ በአማካይ በ20 በመቶ ያድግ ነበር ብለው ገምተዋል። አሜሪካ ጎንደር አይደለችም፣ እሺ። ግን ይሄን ሳነብ በዓይነ ኅሊናዬ የመጣው የለቅሶ ድንኳን ነው።

እስቲ አስቡት፣ ሐኪሙና ጋሪ ነጂው ጎን ለጎን በአንድ አግዳሚ ላይ ሦስት ቀን የሚቀመጡበት ሌላ ቦታ የት አለ? ማኅበሩና ሰንበቴው የእምነት ነው። ሠርጉ የዘመድ ነው። ዕድሩ ግን ክርስቲያኑንም እስላሙንም፣ ባለ ፎቁንም ባለ ጭቃ ቤቱንም በአንድ መዝገብ ይጽፋል። የጎረቤታችን ልጅ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቤት በተቀመጠበት ጊዜ፣ ሰልስት ላይ ንፍሮ ሲያዞር አንድ ላቦራቶሪ የሚሠሩ ጋሼ «አንተ ልጅ፣ ምን እየሠራህ ነው?» አሉት። ያቺ ጥያቄ ናት ለማመልከቻ ያበቃችው፣ ዛሬ የጤና ባለሙያ ነው። አጎቱም አክስቱም ሊነግሩት አይችሉም ነበር፣ የሚያውቁት እሱ የሚያውቀውን ነዋ። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1973 እ.ኤ.አ. የጻፈውም ይሄንኑ ነው፤ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከልብ ወዳጅ ሳይሆን እንዲሁ ከሚተዋወቁት ሰው ነው ይላል።

እንግዲህ ጋሼ መቅጫቸውን ከፍለው ቤታቸው ቢቀመጡስ? ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ አስከሬኑም በክብር ይቀበራል። ልጁን ግን የሚጠይቀው የለም።

ሌላው የሚያንገበግበኝ ተከራዩ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ከተከፈተ ጀምሮ ይቺ ከተማ ከየአገሩ ሰው ስትቀበል ኖራለች፤ ችግር አፈናቅሎት የመጣውም አለ። እኛ ጋ ግን ተከራይ ዕድር ልግባ ሲል የቆየ አባል ለዓመታት ያዋጣው ተሰልቶ መግቢያ ይጠየቃል። ስሌቱ ትክክል ነው፣ አልክድም። ድንኳኑንም ብረት ድስቱንም የገዛው የነባሩ ሰው ብር ነው። ሆኖም ሰው ላለው ሰው፣ ሌላ ሰው እየጨመርንለት፣ ሰው የሌለውን ከደጅ እንመልሳለን።

ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የተያዘው አጀንዳ መቅጫውን ከፍ ማድረግ ነው። እኔ አልደግፍም፤ ላለው ሰው ምንም አይመስለውም፣ የሚጎዳው የቀን ሠራተኛው ነው። እኔ የማነሳው ሁለት ነገር ነው፤ የተከራይ መግቢያ ቀስ እየተባለ በየወሩ ይከፈል፣ ሦስቴ በተከታታይ የቀረ ደግሞ በብር ፋንታ ድንኳን ተከላ ላይ ተራ ይግባ። የዕድሩን ጸሐፊ ቀድሜ አማከርኳቸው። አዳምጠው አዳምጠው «ጥሩ ብለሃል ልጄ፣» አሉኝ፣ «ዶክተሩን ካስማ ምታ የምትለው ግን አንተ ነህ።»