ነርቭና ሆርሞን፦ በደሴ ለወላጆችና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

በዚህ የደሴ የጠዋት ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ሥርዓተ ነርቭና ሆርሞን አመንጪ ዕጢዎች ሰውነታችንን እንዴት እንደሚቆጣጠሩ ነው። እኛ የባዮሎጂ መምህራን አንዱን ጨርሰን ወደ ሌላው ስለምናልፍ፣ ተማሪዎቻችን ሁለቱን የማይተዋወቁ መሥሪያ ቤቶች አድርገው ያስቧቸዋል። እኔ ግን ሁለቱ አንዱን ሥራ በተለያየ ፍጥነት የሚሠሩ ናቸው እላለሁ፤ ይህን አለማወቃችንም በሽታን የጠባይ ጉድለት አድርገን እንድናይ ዳርጎናል።

ከመንገዳችን ልጀምር። ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ፣ ከመታጠፊያው ባሻገር ድንገት አህያ መንገድ ላይ ብትገኝ፣ የሾፌሩ እግር ሐሳቡን ቀድሞ ፍሬን ላይ ያርፋል፤ ከኋላ የተቀመጥነውም ፍሬን ያለ ይመስል ወለሉን እንረግጣለን። ይህ የነርቭ ሥራ ነው፤ መልእክቱ በፈጣኖቹ የነርቭ ክሮች በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ይጓዛልና። አህያዋ ካለፈች በኋላ ግን ልባችን መደለቁን፣ እጃችንም መንቀጥቀጡን ቶሎ አይተዉም። ምክንያቱም ከኩላሊቶቻችን በላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ለቀዋል፤ ነርቭ ትእዛዙን በቅጽበት ሲያቋርጥ፣ ደም ውስጥ የገባ ሆርሞን ግን እስኪወገድ ደቂቃዎችን ይፈልጋል። ልብ በሉ፤ ዕጢዎቹን «ልቀቁ» ብሎ ያዘዛቸውም ራሱ ነርቭ ነው። እንዲያውም የአድሬናል ዕጢ የውስጠኛው ክፍል በፅንስ ጊዜ የሚያድገው የነርቭ ሕዋሳት ከሚወጡበት ምንጭ ስለሆነ፣ ድንበሩን የሳልነው እኛ ነን ለማለት እደፍራለሁ።

ሰው ሲያናድደን «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። የሚገርመው፣ የሆርሞን ታሪክም የተጀመረው ከዚሁ ከቆሽት ነው። በዚያ ዘመን ቆሽት የምግብ መፍጫ ፈሳሹን የሚያፈልቀው በነርቭ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚል እምነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ውስጥ ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ከአንድ ውሻ አንጀት ቁራጭ ጋር የተያያዙትን ነርቮች ቆርጠው፣ በዚያ ቁራጭ ውስጥ አሲድ ጨመሩ። ነርቭ ባይኖርም ቆሽቱ ፈሳሹን አፈለቀ። መልእክቱ የሄደው በደም ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ስታርሊንግ እንዲህ ላሉ መልእክተኞች «ሆርሞን» የሚለውን ስም ተጠቀመ። ይኸው ቆሽት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚቀንሰውን ኢንሱሊን የተባለ ሆርሞንም ያመነጫል። ስኳር ታማሚ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ከረመዳንም ሆነ ከሁዳዴ ጾም በፊት ሐኪም እንድታማክሩ የምለምነው፣ የምግብ ሰዓት ሲቀየር የመድኃኒቱም መጠንና ሰዓት መታየት ስላለበት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልግባ። ታላቅ እህቴ በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ ቀስ በቀስ ፈዘዘች። ከእሳት ዳር አትነሳም፤ ድምፅዋ ጎረነነ፤ ፀጉሯ ሳሳ፤ ምግብ ሳትጨምር ወፈረች። ብርድ ብርድ ይለኛል ስትል ደግሞ፣ ደሴ ላይ ብርድ የማይለው ማን አለ ብለን አለፍናት። ቤተሰቡ «ሰነፈች» አለ፤ እኔም፣ የባዮሎጂ መምህሩ ወንድሟ፣ ብያለሁ። በሄደችበት ጤና ተቋም ደም ማነስ ነው ተብላ ለአንድ ዓመት ያህል የብረት እንክብል ዋጠች። በመጨረሻ አንድ ሐኪም የታይሮይድ ምርመራ ሲያዝላት ነገሩ ተገለጠ።

ታይሮይድ ከማንቁርት በታች፣ አንገት ላይ ያለ ዕጢ ነው። ሰውነት ኃይል የሚያቃጥልበትን ፍጥነት የሚወስነው እሱ ሲሆን፣ አለቃው ከአንጎል ሥር የተንጠለጠለችው፣ አተር የምታህለው ፒቱታሪ ናት፤ የእሷም አለቃ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ፒቱታሪ ማነቃቂያዋን ትጨምራለች፤ ሲበዛ ትቀንሳለች። በእህቴ ደም ውስጥ ማነቃቂያው እጅግ በዝቶ ነበር፤ አለቃዋ ትጮኻለች፣ ሠራተኛው ግን አልቻለም። የጎደለውን ሆርሞን በእንክብል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ መውሰድ ጀመረች። ለውጡ ሳምንታት ፈጀ። በሦስተኛው ወር ግን አንድ እሑድ ቤቷ ስሄድ ራሷ ቡና ቆልታ፣ «አንተ ሰነፍ፣ ዛሬ ነው የምትመጣው?» ብላ ተቀበለችኝ።

የደጋ ሰው የሚያውቀው እንቅርትም ብዙ ጊዜ የዚሁ ጩኸት ውጤት ነው። ታይሮይድ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው፤ ለአዋቂ ሰው በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋል። አዮዲን ሲጠፋ ፒቱታሪ «ሥራ» እያለች ስትገፋው፣ ዕጢው ጥሬ ዕቃ ሳይኖረው በግፊቱ ብቻ ያብጣል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ እናቲቱ በእርግዝና ጊዜ አዮዲን በጣም ካጠራት የፅንሱም የአንጎል እድገት ይጎዳል፤ ነርቭና ሆርሞን አንድ ገበታ ላይ ናቸው ያልኩት ለዚህ ነው። ስለዚህ አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ፤ በክዳን ዕቃ አስቀምጡት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት፤ ሙቀትና ብርሃን አዮዲኑን ይቀንሱታልና።

ለጥያቄ ዕድል ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር አብረን እናድርግ። አጠገባችሁ ውሃ ያላችሁ፣ ቀና በሉና አንድ ጉንጭ ዋጡ፤ የጎረቤታችሁንም አንገት ተመልከቱ። ከማንቁርት በታች፣ ስትውጡ አብሮ ወደ ላይ የሚወጣ እብጠት ያየ ሰው ካለ፣ ከአዳራሹ ሲወጣ ያናግረኝ።