አንድ የመድረክ ቀን ስንት ሰዓት ነው?

በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባሉ የሐበሻ የመድረክ ቡድኖች ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሊቀ መንበሩ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የቡድን መሪዎች፣ ተወዛዋዦች፣ የመብራትና የድምፅ ባለሙያዎች፣ ከሳን ሆዜና ከሳክራሜንቶ ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

የዛሬው ዋና አጀንዳ አዳራሽ ነው። ሁለት ቡድኖች በአንድ ቅዳሜ ሁለት አዳራሽ ይከራዩና ያንኑ አንድ ተመልካች ለሁለት ይካፈሉታል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች ደግሞ አንድም ዝግጅት የለም። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ወቀሳውም በየስብሰባው ተደጋግሟል። ዛሬ ወቀሳውን ትቼ፣ እዚሁ አጠገባችን ከእኛ እጅግ የበዛ ዕቃና ሰው ያላቸው ድርጅቶች አንድ መድረክ ሳይጣሉ እንዴት እንደሚካፈሉ ላስረዳ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ዎር ሜሞሪያል ኦፔራ ሀውስ የተከፈተው በ1932 ነው፤ ከ3,000 በላይ መቀመጫ አለው። ባለቤቱ ከተማው ሲሆን የሚያስተዳድረው ከንቲባው የሚሾመው ባለአደራ ቦርድ ነው። በነገራችን ላይ፣ በ1945 የተባበሩት መንግሥታትን ያቋቋመው ጉባኤ የተሰበሰበው እዚያው ነበር። ቻርተሩ የተፈረመው አጠገቡ ባለው ሕንፃ ሲሆን ከ50ዎቹ ፈራሚዎች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ለሰፈሩ ጨርሶ እንግዳ አይደለንም ማለት ነው።

ቤቱን ሁለት ድርጅቶች፣ የሳን ፍራንሲስኮ ኦፔራና የሳን ፍራንሲስኮ ባሌት፣ ይካፈሉታል። አከፋፈሉ ሲያዩት ቀላል ነው። ከሴፕቴምበር መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ዲሴምበር መግቢያ ድረስ የኦፔራው ነው። ዲሴምበርን ባሌቱ ናትክራከር በተባለው የገና ሰሞን የባሌት ትርኢት ይይዘዋል። ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ባሌቱ ሌሎች ሥራዎቹን ያሳያል፤ በጁን ኦፔራው ለአጭር የበጋ ወቅት ይመለሳል። ሌሎች ብዙ ባሌቶች በመከር ሲከፍቱ የሳን ፍራንሲስኮው ዋና ወቅቱን በጃንዋሪ የሚጀምረው ምርጫው ሆኖ አይደለም፤ መከሩ ተይዞበት ነው። ባሌቱ በ1933 ሲቋቋም የኦፔራው ክፍል ነበርና ቤቱን ቀድሞ የያዘው ያው ኦፔራው ነው። እስከ 1980 ድረስ ደግሞ የከተማው ሲምፎኒ ኦርኬስትራም በዚሁ ቤት ነበር፤ ሦስት ድርጅት ለአንድ መድረክ። ሲምፎኒው የራሱ አዳራሽ ተሠርቶለት ሲወጣ ነው ሁለቱ ትንሽ የተነፈሱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በዲሴምበር መጀመሪያ ኦፔራው የመጨረሻ ምሽቱን ጨርሶ መጋረጃው ሲወርድ ባሌቱ በማግሥቱ አይጨፍርም። በመካከል ያሉት ቀናት ለተመልካች ባዶ ይመስላሉ፤ የቤቱ ሠራተኛ በብዛት የሚደክመው ግን ያኔ ነው። የኦፔራው ግንብ፣ ደረጃና ተዳፋት ወለል ተፈትቶ በጭነት መኪና ይወጣል። ኦፔራ የመድረኩን ግራና ቀኝ በዲኮር ይሞላዋል። ባሌት ግን ጎኑን ባዶ ይፈልገዋል፤ ተወዛዋዡ በሩጫና በዝላይ ነውና የሚወጣው፣ ዕቃ ካለ ይላተማል። የመብራቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ኦፔራ ፊት እንዲታይ ከላይና ከፊት ያበራል፣ ባሌት የአካል ቅርጽ እንዲወጣ ከጎን ያበራል፤ ስለዚህ በየመጋረጃው መካከል ከቁርጭምጭሚት ከፍታ ጀምሮ እስከ ራስ በላይ መብራት የተደረደረባቸው ምሰሶዎች ይቆማሉ። እያንዳንዱ መብራት አንድ በአንድ ይነጣጠራል። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ብትሰጡት፣ በእኛ መጠን ባለ አዳራሽ 60 መብራት ሁለት ሰዓት ሙሉ ይፈጃል። በዚያ ሰዓት መድረኩ ጨለማ መሆን አለበት፤ ልምምድም ሆነ ምንጣፍ ማንጠፍ አይቻልም። «መብራቱ በጎን ይሠራል፣ እኛ እንለማመድ» የሚባለው ሁልጊዜ የሚፈርሰው ለዚህ ነው።

ወለሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳት የሚመጣው ከዚያ ነውና። ባሌት የሚጨፈረው ከሥሩ መጠነኛ መለጠጥ ባለው የእንጨት ወለል ላይ፣ በተለምዶ ማርሊ በሚባለው የቪኒል ምንጣፍ ተሸፍኖ ነው። ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ማርሊ ጉልበትን አያድንም፤ መንሸራተትን ብቻ ነው የሚከላከል። 12 ሜትር ወርድና 10 ሜትር ጥልቀት ላለው መድረክ የ2 ሜትር ስፋት ያለው ጥቅል አምስት ያስፈልጋል። አራት መገጣጠሚያ ይኖረዋል፣ ያ 48 ሜትር ማጣበቂያ ነው፤ ዙሪያው 44 ሜትር፤ ድምሩ 92። የ33 ሜትር ቴፕ ሦስት ጥቅል ያዙ ማለት ነው፣ በሁለት የሄደ ቡድን መጨረሻው ላይ ቴፕ ያልቅበታል። ሌሊቱን መኪና ውስጥ ያደረ ምንጣፍ በብርድ ደርቆ ይመጣል፤ ወዲያው ካጣበቃችሁት አዳራሹ ሲሞቅ ይለጠጥና በመካከል ያብጣል፣ እግር የሚያደናቅፈውም ያ እብጠት ነው። ዘርግታችሁ ጥቂት ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ አጣብቁት። ሲመለስም በቱቦ ላይ ይጠቀለላል እንጂ አይታጠፍም። አንዴ የታጠፈ መስመር አይለቅም።

የናትክራከርን በረዶ ታውቁታላችሁ፤ ከላይ በተሰቀለ ቀዳዳ ጨርቅ ውስጥ የተሞላ ቁርጥራጭ ወረቀት ነው፣ ገመዱ ሲወዛወዝ ይረግፋል። ከትዕይንቱ በኋላ በጥድፊያ ይጠረጋል። ነገር ግን ከላይ ባሉት ቧንቧዎችና መብራቶች ላይ የቀረው ለቀጣዩ ተከራይ ይተርፋል፤ የፍቅር ትዕይንት መሐል አንዲት ነጭ ቁራጭ ቀስ ብላ ስትወርድ የሚታየው ከዚያ ነው። በውል ላይ «መድረኩን ጠርጎ ማስረከብ» ሲባል ከላይ ያለውንም እንደሚጨምር ያስፈረሙ አዳራሾች አሉ፤ ልክ ናቸው።

ሌሎች ከተሞችን በአጭሩ። ቶሮንቶ ውስጥ በ2006 የተከፈተው ፎር ሲዝንስ ሴንተር የኦፔራው ንብረት ነው፣ የካናዳ ብሔራዊ ባሌት ተከራይ ነው። ለንደን ኮሊሲየምም የእንግሊዝ ብሔራዊ ኦፔራ ነው፤ የእንግሊዝ ብሔራዊ ባሌት በገና ሰሞን ይገባበታል። ኒው ዮርክ ላይ አሜሪካን ባሌት ቲያትር ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ሲዘጋ በበጋ ይገባል። አንዱ የቤቱ ባለቤት ሲሆን ሌላው የተረፈውን ወር ነው የሚያገኘው፤ እንደ ሳን ፍራንሲስኮ ባለቤቱ ሦስተኛ ወገን ሲሆን ግን ሁለቱም ለአንድ ሰሌዳ ይገዛሉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ለማኅበራችን ያቀረብነው ረቂቅም ወደዚያ ያደላል።

ሰሌዳው እንዴት ይሞላል? እዚህ አገር አዳራሽ ገንዘብ ሳይከፈል ቀን ይያዛል። መጀመሪያ የጠየቀው አንደኛ ያዥ፣ ቀጥሎ የጠየቀው ሁለተኛ ያዥ ይባላል። ሁለተኛው ቀብድ ይዞ ሲመጣ አዳራሹ አንደኛውን ይጠራና አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይሰጠዋል፤ ወይ ይፈርማል ወይ ይለቃል። ብዙዎቻችን «ይዘንልሃል» መባልን እንደ ውል እንቆጥረዋለን። ከዚያ ፖስተር ይታተማል፣ ከአዲስ አበባ ድምፃዊ ይጠራል፣ ስልኩ ሲደወል ገንዘቡ አልተዘጋጀም። ስንተኛ ያዥ እንደሆናችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሳትፈርሙ ፖስተር አታሳትሙ።

ወደ በዓሎቻችን ልምጣ። ከዲሴምበር መጀመሪያ ጀምሮ በዚህ አካባቢ ያለ ማንኛውም ደኅና መድረክ፣ የኦክላንዱን ፓራማውንት ጨምሮ፣ በናትክራከር ይጨናነቃል፤ ታላላቆቹ ብቻ ሳይሆኑ እያንዳንዱ የሕፃናት የባሌት ትምህርት ቤትም የራሱን ያሳያል። ይህ ሁሉ ግን በፈረንጅ አዲስ ዓመት ዋዜማ ያበቃል። የእኛ ገና ደግሞ ጃንዋሪ 7 ነው! ባሌቶቹ ዕቃቸውን አውጥተው የሚቀጥለውን ሥራ ገና ባልጀመሩበት፣ በብዙ አዳራሾች ዘንድ ቀዝቃዛ በሚባለው ሳምንት ላይ ይውላል። በዋጋ የምንደራደርበት ከሁሉ የተሻለው ሳምንታችን እሱ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ለገና አዳራሽ የምንፈልገው በዲሴምበር አጋማሽ፣ ሥራ አስኪያጆቹ ስልክ በማያነሡበት ሰሞን ነው። በጁን ጠይቁ።

እንቁጣጣሽ ይከብዳል፤ አብዛኛው ድርጅት ወቅቱን የሚከፍተው በሴፕቴምበር ነው። በዚያ ላይ የቀን ስሕተት አለ። በ2027 ጳጉሜን ስድስት ናትና መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12፣ እሑድ ነው። ቅዳሜ 11ን «በዓሉ ነው» ብሎ የያዘ ቡድን ዋዜማውን ነው የያዘው፤ አውቆ ከሆነ ጥሩ። ፋሲካም በ2026 ኤፕሪል 12፣ በ2027 ሜይ 2፣ በ2028 ኤፕሪል 16 ነው። አዳራሽ የሚያስይዝ ሰው እነዚህን ከሦስት ዓመት በፊት ሊያውቃቸው ይችላል።

አሁን ርእሴን ልመልስ፤ የመድረክ ቀን ስንት ሰዓት ነው? የቅዳሜ ትርኢት ከምሽቱ 1 ሰዓት ይጀምር እንበል። (ውሉ ላይ 7 ይላል። የአዳራሹ 7 የእኛ 1 መሆኑን ለከበሮ መቺውም ሳይቀር ንገሩ፤ በ7 ሰዓት ግቡ ተብሎ ከቀትር በኋላ የሚመጣም፣ ምሽት የሚመጣም አለ።) ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ዕቃ ይገባል፣ መብራት ይሰቀላል፣ ምንጣፍ ይዘረጋል። ከ6 እስከ 7 ምሳ። ከ7 እስከ 9 መብራት ይነጣጠራል፣ ከ9 እስከ 11 በሙሉ ድምፅ ልምምድ። ከ11 እስከ 12 እራት። 12 ተኩል በር ይከፈታል፣ 1 ሰዓት ትርኢት፣ 3 ተኩል ያልቃል፣ እስከ 5 ሰዓት ዕቃ ይወጣል። ምግቡን ስትቀንሱ 13 የሥራ ሰዓት ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ያለው በአንድ ተኩል፣ ከ12 በላይ ያለው በሁለት እጥፍ ይከፈላል። ስለዚህ ለአንድ ሠራተኛ የ8፣ የ6 እና የ2፣ በድምሩ የ16 ሰዓት ደመወዝ ትከፍላላችሁ።

ያንኑ 13 ሰዓት ክፈሉት። ዓርብ ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ዕቃውን አስገቡ፤ ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሩ። ዓርብ 4 ሰዓት፣ ቅዳሜ 9 ሰዓት ይሆናል፤ ክፍያው 13 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ስምንት ሠራተኛ ካላችሁ የ20 ሰዓት ደመወዝ ተረፈ። የዓርቡ ኪራይ ይህን ይበላው እንደሆነ አስሉ፤ ብዙ አዳራሾች የዝግጅት ቀንን ከትርኢት ቀን ባነሰ ዋጋ ያከራያሉ። ተመልካች አልሞላም ብለን ትርኢቱን አንድ ሰዓት ብናዘገይ ደግሞ፣ በአንዱ ቀን አሠራር ያ ሰዓት ሙሉ በሙሉ በእጥፍ ነው የሚከፈለው፤ ለስምንት ሰው የ16 ሰዓት ደመወዝ። «የሐበሻ ሰዓት» ዋጋው ይኸው ነው።

ከባሌት ትምህርት ቤት መድረክ የምትከራዩ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ቄጠማ ማርሊ ላይ አይጎዝጎዝ። ሲረገጥ ውኃው ይወጣል፣ ቪኒሉ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ አረንጓዴውም እድፍ ሆኖ ይቀራል። የግድ ካስፈለገ ለብቻው ምንጣፍ አንጥፋችሁ፣ ከመወዛወዣው ቦታ ውጭ ይሁን። እጣንና የቡና ከሰል ደግሞ መድረክ ላይ ግልጽ እሳት ነው፤ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ አዳራሹም ቀድሞ ማወቅ አለበት። ያለዚያ የጭስ ጠቋሚው ይጮህና ሕዝቡ በእስክስታው መሐል ወደ ውጭ ይወጣል።

ሥራ አስፈጻሚው ያዘጋጀው ረቂቅ አራት ገጽ ነው። እያንዳንዱ ቡድን በጋራ ሰሌዳው ላይ ሦስት ሰዓቶችን ይመዘግባል፤ የሚገባበትን፣ የሚያሳይበትን፣ የሚወጣበትን። ምዝገባው ከ18 ወር በፊት ይከፈታል። ቀብድ ያልተከፈለበት ቀን በ30 ቀን ውስጥ ይለቀቃል። ገናና እንቁጣጣሽ በዙር ይደርሳሉ፤ ዙሩ በዕጣ ይሁን ወይስ ዘንድሮ ላልደረሰው ቅድሚያ ይሰጥ የሚለው ለድምፅ ይቀርባል። የእኔ ድምፅ ለሁለተኛው ነው፤ ዕጣ አንዱን ቡድን ሦስት ዓመት ሊያስቀምጠው ይችላልና። ማርሊውንና ቴፑን ማኅበሩ በጋራ ገዝቶ ያከራይ የሚለው ሐሳብ ከነዋጋ ዝርዝሩ በገጽ ሦስት ላይ አለ፤ የት ይቀመጥ የሚለው ግን ገና አልተቋጨም። ደረቅ፣ የማይበርድ፣ ቢያንስ 2 ሜትር ተኩል የሚረዝም ቦታ ያለው ሰው ከምሳ በፊት ለጸሐፊያችን ይንገር።

ጉባኤው ተከፍቷል። የመጀመሪያው ተናጋሪ የመብራት ኮሚቴው ተወካይ ናቸው፤ 20 ደቂቃ አላቸው።