በሩን ለልጆቹ እንክፈት

የተከበራችሁ ጎረቤቶቼ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ! በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ጭቃ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰብሳቢያችን ስለ ውኃ ታንከሩ፣ ስለ ጥበቃዎች ደመወዝ፣ ስለ ደረጃ መብራቱ አስረድተውናል። ደግ ነው፤ ሁሉም ያስፈልገናል። ለእኔ የተሰጠኝ ርዕስ “በዓልን በጋራ ስለማክበር” የሚል ነው። ተዘጋጅቼበት፣ ጽፌም መጥቻለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ የመጣሁት ስለ አንድ ወረቀት ለመናገር ነው።

ወረቀቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዋናው በራችን ላይ በፕላስተር የተለጠፈው ነው። ዝናቡ ጠርዙን አላሽቆታል፣ ቀለሙም ወርዷል። ጽሑፉ ግን አሁንም ይነበባል። “በግቢው ውስጥ ሆያ ሆዬ መጨፈር በጥብቅ የተከለከለ ነው” ይላል። ከሥሩ ማኅተም አለው።

አምና ነሐሴ 12፣ የቡሄ ዋዜማ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ ስመለስ ሰባት ልጆች በሩ ላይ ቆመው አገኘሁ። ካፊያ ነበር። አንዱ ፌስታል ራሱ ላይ አጥልቋል። ሁሉም ዱላ ይዘዋል። ትልቁ አሥር ዓመት ቢሞላው ነው። ጥበቃው፣ የዋህ ሰው ነው፣ “ታዝዤ ነው ልጆች፣ ሂዱ” ይላቸዋል። ትልቁ ልጅ ወደ እኔ ዞረና “ጋሼ፣ እርስዎ ያስገቡን” አለኝ።

አላስገባኋቸውም። “ወረቀት ተለጥፏል እኮ ልጄ” ብዬው ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። አንድ ዓመት ሙሉ ያችን ቃል ተሸክሜ ነው የቆየሁት። ዛሬ ላወርዳት ነው የመጣሁት።

ብዙዎቻችሁ ዕጣ ወጥቶላችሁ ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ፣ ከመርካቶ ነው ወደዚህ ወደ የካ አባዶ የመጣችሁት። እኔ ግን የዚሁ አካባቢ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ካራ ነው፤ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ ዳር። ያኔ ከቤታችን ጓሮ ጀምሮ እርሻ ነበር። ክረምት የሚገባው ሰኔ 30 ነበር ለእኛ። ካርድ እንቀበላለን፣ ዓመቱን ሙሉ “ሰኔ ሠላሳ እንገናኝ” የተባባለ ሁሉ ጠቡን እዚያው ይጨርሳል፣ ከዚያ በኋላ የዝናቡ ልጆች ነን። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አንዱ የሌላውን ንግግር አይሰማም። የሚያፈስበት ቦታ ላይ እናቴ ሳፋ ታስቀምጣለች። በኮንጎ ጫማ ጭቃ እንረግጣለን። ማታ ከሰል ምድጃውን ከበን የበቆሎ እሸት እንጠብሳለን፤ ከእኔና ከወንድሜ ማን ትልቁን እንደሚወስድ የምትወስነው እህቴ ነበረች።

ነሐሴ ሲገባ ጾሙ ይገባል። ፍልሰታ የልጆችም ጾም ነው፤ እስከ ስንት ሰዓት እንደጾምን እንፎካከራለን። ከዚያ ደግሞ የጅራፍ ሥራ አለ።

ስለ ጅራፉ ትንሽ ልንገራችሁ። ዛሬ ተገምዶ ይሸጣል። እኛ የሚገዛልን አልነበረም። ያረጀ ጆንያ ፈልገን ክሩን አንድ በአንድ እንተረትራለን። አባቴ ክሩን በር መቀርቀሪያው ላይ ያስርልኝና “ሳትለቅ ግመደው፣ ወደ ጫፉ እያሳነስህ ሂድ” ይለኛል። እጀታው ጋ የአውራ ጣት ያህል ይወፍራል። ጫፉ ጋ ሲደርስ እንደ ጫማ ክር ይቀጥናል። ካለቀ በኋላ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ከበደ ማለት ነው። ጠዋት ሜዳ ወጥተህ ራስህ ላይ አዙረህ ስትመልሰው ጧ! ይላል። ማዶ ያለው ልጅም ጧ! ብሎ ይመልስልሃል። አባቴ ፊደል የቆጠረው የኔታ ዘንድ ብቻ ነው። ግን ጅራፉን እየገመደ የነገረኝን ሁሉ እስከ ዛሬ አልረሳሁም። “ድምፁ የነጎድጓዱ ምሳሌ ነው። ችቦው ጌታ በታቦር ተራራ የገለጠው ብርሃን ነው። ሙልሙሉ ደግሞ ብርሃኑን አይተው ቀኑ ያልመሸ መስሏቸው ሜዳ ለቀሩት እረኞች ቤተሰቦቻቸው ችቦ አብርተው የወሰዱላቸው ዳቦ ነው።” ይህን የነገረኝ በአንድ የጆንያ ክር ነው። ደብተርም ሰሌዳም አልነበረም።

አሁን ወደ 1977 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ። የዚያን ጊዜ ሰው የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ረሃቡን። እህል የጫኑ መኪኖች በእኛ ደጅ ወደ ወሎ ሲወጡ ቆመን እናያለን። አዲስ አበባም ቢሆን ዱቄት ብርቅ ነበር። እናቴ ቀበሌ ሱቅ ለስኳርም ለዱቄትም ወረፋ የምትይዘው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። እኔ 12 ዓመቴ ነበር። በዚያ ዓመት ቡሄ አውጪው እኔ ነበርኩ። ዘጠኝ ልጆች ነን። ተቀባዮቹ ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ፣ ከቤት ቤት ዞርን። ያገኘነው በጣም ጥቂት ነው። አንዳንዱ ቤት ቆሎ ሰጠን፣ አንዱ ቤት ስሙኒ። ብዙው ቤት ግን በሩን ከፍቶ “ልጆቼ፣ ዘንድሮ ይቅር በሉኝ” ነው ያለን።

መጨረሻ ላይ ከእኛ ሦስት ቤት ወረድ ብለው የሚኖሩ እማማ ቤት ደረስን። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። በሩን ከፈቱና አዩን። “ዱቄት የለኝም፤ ግን ጨፍሩልኝ” አሉ።

ጨፈርን። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድም ስንኝ ሳንዘል። እሳቸው መቃኑን ተደግፈው ቆመው ሰሙ። ስንጨርስ ወደ ውስጥ ገቡና ሰፌድ ይዘው ወጡ። ሰፌዱ ላይ ግማሽ ዳቦ አለች። ጠርዟ ጠቁሯል፤ የኮባው ቅጠል ምልክት ከሥሯ ይታያል። ራታቸው ነበረች። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፣ እናቴ ነግራኝ። ቢላዋ አምጥተው ዘጠኝ ቦታ ቆረጧት። ሲቆርጡ የሚቆጥሩትን እሰማ ነበር። ለእያንዳንዳችን የደረሰን ሁለት ጣት የማትሞላ ናት። “ከደጄ ባዶ እጃችሁን አትሄዱም። ልጄም ባለበት ይጨፍርለት” አሉን።

እኛም እንደ ወጉ መረቅን። ዓመት ድገሙ አልን፣ ቤትዎ ይሙላ አልን። ማታ ለእናቴ ስነግራት ዝም አለች። ጠዋት ካለችን ዱቄት አንድ ጣሳ ለክታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ “አድርስና ና፤ ከማን እንደሆነ አትናገር” አለችኝ። እሳቸው ግን ገና በሩን ሲከፍቱ ጣሳውን አውቀውት ነበር።

ጎረቤቶቼ፣ በዚያ በረሃብ ዘመን ለልጅ የተዘጋ በር አላየሁም። የሚሰጡት የሌላቸው ሰዎች በራቸውን ከፍተው “የለኝም” አሉን እንጂ በራቸውን አልዘጉብንም። ዛሬ ፍሪጅ ሞልተን፣ በር ላይ ዘበኛ አቁመን፣ በማኅተም እንዘጋለን? የሆያ ሆዬ ግጥም ራሱ እኮ የሚለምነው በሩ እንዲከፈት ነው! ልጁ ገና አፉን ሳይከፍት ነው መልሱን በር ላይ የለጠፍንለት!

ስለ ቅርስ ስንናገር እንወዳለን። እኔም እወዳለሁ። የአክሱም ሀውልት በ1997 ዓ.ም. ከሮም ሲመለስ እንባዬ ወርዷል። በ1929 ዓ.ም. ተወስዶ፣ 68 ዓመት በሰው አገር ቆይቶ፣ በሦስት ተቆራርጦ በአውሮፕላን መጣ። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. መልሶ ተተክሎ ሲመረቅ ያየነው በዚሁ በክረምት ነው። 24 ሜትር ገደማ የሚረዝም ድንጋይ! ስንት ትውልድ “መልሱልን” ሲል ኖረ። እኔ የማልረዳው ይህን ነው። ሀውልት ከሮም ያስመለሰ ሕዝብ ልጆቹን ከበር ይመልሳል?

መስቀል በ2006፣ ጥምቀት በ2012 በዩኔስኮ ሲመዘገቡ ደስታችንን አስታውሱ። “የማይዳሰስ ቅርስ” ነው የሚባለው። ቃሉን አከብራለሁ። እኔ ግን ቅርሴን ዳስሼዋለሁ። ለብ ያለ ሙልሙል ነው፣ በመዳፌ ይዤዋለሁ። እጄን የላጠው የጆንያ ክር ነው። እነዚህ ልጆች ካልዳሰሱት ምን ይመዘገባል? በማን እጅ ላይ ነው የሚቆየው? ይህች አገር እንደምትኖር አምናለሁ፤ ከልቤ አምናለሁ። የማምነው ግን ከትልቅ ወደ ትንሽ እየተላለፈች እንደመጣች ስላየሁ ነው። ቅብብሎሹን እኛ በር ላይ መቁረጥ የለብንም!

ወረቀቱን የለጠፉት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ምክንያት ነበራቸው። ወረቀቱ ከመለጠፉ በፊት ጢም ያወጡ ጎረምሶች ስፒከር ተሸክመው መጥተው፣ መኪና መንገድ ላይ አስቁመው ካልሰጣችሁ አናሳልፍም ብለዋል። ከደረጃ ላይ ጫማ ጠፍቷል። ሕፃን ያስተኙ እናቶች ተረብሸዋል። የታመመ ያለበት ቤትም ነበር። ይህን ሁሉ አልክድም። ጎረምሳው ያጠፋውን ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ አይክፈል። ጫማ የሚሰርቅ ሰው ቡሄን አይጠብቅም፤ ጥቅምትም ይሰርቃል።

ይህ የአንድ ሃይማኖት ጉዳይ ነው የሚልም አለ። ካራ ሳለን ቀጥሎን ያለው ቤት ሙስሊም ነበር። ቡሄ ሲሆን አባወራው ሳንቲም አዘጋጅተው ይጠብቁን ነበር። ዒድ ሲሆን ደግሞ እኛ እነሱ ቤት ነን። እዚህም ብሎካችን ውስጥ እንደዚያ የሚያስቡ ብዙ ናቸው፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

ሌሎች ነጥቦችም ጽፌ ነበር። ስለ ስልክና ስለ ልጆች፣ ስለ ዱቄት ዋጋ፣ ስለ ችቦ አደጋ። የችቦው ቀላል ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው ራቅ አድርገን ሜዳው ላይ፣ አዋቂ ቆሞ ይበራል። እንቁጣጣሽ ደግሞ ሴቶቹ ልጆቻችን አበባየሆሽ ይላሉ። ለእነሱም ይኸው ይሁን። ሰዓቱ እየሄደ ስለሆነ ሌላውን ልተወው።

የምጠይቀው ይህን ነው። ነሐሴ 12 ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በሩ ለልጆች ይከፈት። ስፒከር አይግባ፤ በአፋቸው ይጨፍሩ። ልጅ የተኛበት ወይም የታመመ ያለበት ቤት በሩ ላይ ምልክት ያድርግ፤ ልጆቹ ያልፉታል። የእኛም የግቢ ልጆች ውጭ ካሉት ጋር አብረው ይዙሩ፤ ግጥሙን የማያውቀው ከሚያውቀው ይማራል። እኔ ሦስቱንም ሰዓት በሩ ላይ እቆማለሁ። ጥበቃው ላይ ምንም ጥያቄ እንዳይመጣ ስሜን ጽፌ እፈርማለሁ።

ባለቤቴ ሃያ ሙልሙል እጋግራለሁ ብላለች። ዱቄቱ ተገዝቷል። ያን የፌስታሉን ልጅ ሰፈር ውስጥ ፈልጌ አግኝቼዋለሁ፤ “ዘንድሮ ና” ብዬዋለሁ። “ወረቀቱስ ጋሼ?” ብሎ ጠይቆኛል። መልሱን ከዚህ ስብሰባ ይዤለት እንደምሄድ ነግሬዋለሁ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ወረቀቱ ይነሳ የምንል እጅ እንድናወጣ ይፍቀዱልን። የእኔ ይኸው፣ ወጥቷል።