«ልቤ ሲመታ የምሞት ይመስለኛል»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው ክፍለ ጊዜ ለደወላችሁ አድማጮች የሥነ ልቦና ባለሙያዋ የሰጡት መልስ ይህ ነው።

አለቃዬ ሰላም ሳይለኝ ካለፈ ቀኑን ሙሉ ይከፋኛል። ለምን?

የከፋህ ሰላም ስላላለህ አይደለም ወንድሜ። «ጠልቶኛል፣ ሊያባርረኝ ነው» ብለህ ስላመንክ ነው። አጠገብህ ያለው ባልደረባህ «ዛሬ ሰውዬው ሐሳብ ይዞታል» ብሎ ሥራውን ቀጥሏል። አሮን ቤክ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ድባቴ ያለባቸውን ሰዎች ሲያክም ያስተዋለው ይህንን ነው፤ ስሜቱ ከመምጣቱ በፊት ብልጭ የምትል ሐሳብ አለች። እሷን ጻፋት። ከዚያ «ማስረጃዬ ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቅ።

ታዲያ ሁሌ በጎ በጎውን ላስብ?

የለም፣ እውነቱን አስቢ። የቤት ኪራይ ያጣ ሰው ቢጨነቅ ሐሳቡ አልተዛባም፤ ኪራዩ ነው የጎደለው።

መርካቶ መሀል ልቤ ድንገት ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ጎረቤቴ ዲያዜፓም የሚባል የማረጋጊያ ኪኒን ሰጠችኝ። ወራት ሆነኝ፣ ያለሱ ከቤት አልወጣም። አሁን ልጥለው ነው።

እንዳትጥዪው ልጄ! በየፕሮግራሙ የምለው ነው፦ ኪኒን በራሳችሁ አትጀምሩ፣ በራሳችሁም አታቁሙ። ዲያዜፓም የለመደ ሰውነት በአንዴ ሲከለከል ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ከመጠጥ ጋር ሲወሰድ ደግሞ ትንፋሽ ያፍናል። ጎረቤትሽ ለአንቺ ብላ ነው፤ ግን ለእሷ የታዘዘው ላንቺ አልታዘዘም። ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስልሻል።

መጀመሪያ ልብሽን፣ ደምሽንና የእንቅርት ዕጢሽን ተመርመሪ። ሁሉም ደህና ከሆነ ፓኒክ የሚባለው ድንገተኛ ከባድ ፍርሃት ሊሆን ይችላል። ልብሽ ትንሽ ሲፈጥን «ሊቆም ነው» ትያለሽ። ትፈሪያለሽ። ፍርሃቱ አድሬናሊን የሚባል ልብ የሚያፈጥን ንጥረ ነገር ይለቃል፣ ልብሽ ይብስበታል። «ይኸው!» ትያለሽ። በኪኒኑ ስትረጋጊ ደግሞ «እሱ ባይኖር ሞቼ ነበር» ብለሽ ታምኛለሽ። ፍርሃቱ ያለ ኪኒንም እንደሚበርድ የምታዪበት ዕድል አላገኘሽም። ሐሳብን በሚፈትሸው የንግግር ሕክምና ይህን እምነት ከባለሙያ ጋር ሆነሽ ትፈትኚዋለሽ፤ መጀመሪያ ሰፈርሽ ሱቅ ድረስ፣ ኋላ መርካቶ።

ጸበል ከሕክምናው ጋር ይጋጫል?

አይጋጭም። ጸበል ስትሄዱም ኪኒናችሁን አታቋርጡ። ደገምኩት፣ አውቃለሁ፤ በዚህ የተጎዱ ሰዎች አይቻለሁ።

ልጄ «ብሞት ይሻለኛል» ትላለች። ሐሳቧን በምን ልሞግታት?

አይሟገቷት እናቴ። ያዳምጧት፣ ብቻዋን አይተዉአት። መድኃኒትና የተባይ መርዝ ከቤት ያርቁ። ዛሬውኑ የአእምሮ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይዘዋት ይሂዱ፤ ነገ አይበሉ።