የባሌው ፍልፈልና የሊበኗ ወፍ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

እኛ ሐዋሳዎች ወፍ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን አባ ኮዳ ነው። አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያችን ዓሣ ሲበለት ከጎን ቆሞ ይጠብቃል። እሱ፣ ዝርያዎች ለመጥፋት ምን ያህል እንደተቃረቡ በሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ቀይ መዝገብ፣ ስጋት ከሌለባቸው ተርታ ነው። ዛሬ የማነሳው ግን ከከተማችን ርቀው ስለሚኖሩ ሁለት ፍጥረታት ነው።

አንዱ የባሌው ግዙፍ ፍልፈል ነው። መደቡ አጥቢ ነው፤ ክፍለ መደቡ ከአይጥ ጋር አንድ ነው። ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ዓይኖቹ ወደ አናቱ ከፍ ብለው ስለተቀመጡ፣ ከጉድጓዱ ብቅ ሲል ዙሪያውን መቃኘት ይችላል። ሣሩን አፋፍሶ ቶሎ ይመለሳል፤ ቀይ ቀበሮ ያደፍጥበታላ! የባሌ ቀይ ቀበሮ ዋና ምግቡ ይኸው ፍልፈል ነው።

ሳነቴ በሚባለው የባሌ አምባ ላይ ፍልፈሉ በሽ በሽ ነው። ታዲያ መዝገቡ ለምን «ለመጥፋት የተቃረበ» አለው? ከባሌ ተራሮች ሌላ በዓለም ላይ የትም ስለማይገኝ ነው። ሣሩ በከብት ከተጋጠ፣ መሬቱ ከታረሰ፣ የሚሸሽበት የለም። ይህን አደራ ያዙልኝ፦ ብዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ሌላዋ ነጌሌ ቦረና አጠገብ፣ በሊበን ሜዳ የምትኖረው የሊበን ላርክ ናት። መደቧ አዕዋፍ ነው፤ ክፍለ መደቧ ከድንቢጥ ጋር አንድ ነው። ድሮ በሲዳሞ ስም ነበር የምትጠራው። የዚያ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ደግሞ ይህችው ሐዋሳ ነበረች፤ ስለዚህ ባዕዳችን አይደለችም። ብቻዋን የቆመች ዝርያ ትመስል ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት ግን በጅግጅጋ አካባቢ ካለችው ላርክ ጋር አንድ ዝርያ መሆኗን አሳየ። መኖሪያዋ በምደባ ሰፋ፤ ስጋቷ ግን አልቀለለም። ዛሬም «ለመጥፋት እጅግ የተቃረበች» ናት፤ ከፍልፈሉ አንድ ደረጃ የከፋ ማለት ነው። ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ነው። ሜዳው ሲታረስ፣ ቁጥቋጦ ሲወርሰው፣ ከልክ በላይ ሲጋጥ፣ ጎጆዋ ሜዳ ላይ ይቀራል።

የሚያስደስተኝ ነገር አለ። የቦረና አርብቶ አደሮች ለጥጆች ሣር የሚከልሉበት «ካሎ» የሚባል የቆየ ሥርዓት አላቸው። በሊበን ሜዳ ካሎ ሲታጠር ሣሩ አገገመ፤ ወፊቱም ተመልሳ ገባችበት። ከብትም ወፍም የተጠቀሙበት መላ ይኸው ነው።

ስለዚህ ክበባችሁ ቀጣዩን ጉዞ ሲያቅድ ባሌን ብቻ ሳይሆን ሊበንንም ያስገባ። ስትደርሱም ካሎውን ያጠሩትን ሰዎች ራሳቸውን ጠይቋቸው።

አመሰግናለሁ።