በምስክር ላይ ምስክር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ተለጣፊ ነው። የአሜሪካ ሳንቲም የምትሰበስቡ ሁሉ ታውቋታላችሁ፤ በቀልድ «ባቄላ» የሚሏት እርሷ ናት። ሳንቲሙ አስቀድሞ በባለሙያ ተመርምሯል፣ ደረጃ ተሰጥቶታል፣ በፕላስቲክ መያዣ ታሽጓል። ከዚያ ሌላ ተቋም ይመጣና «እውነትም ለዚህ ደረጃ ይበቃል» ብሎ ተለጣፊዋን መያዣው ላይ ያኖራል። ተለጣፊ ያለው ሳንቲም ብዙውን ጊዜ ከሌለው በላቀ ዋጋ ይሸጣል። ለመሆኑ ጭማሪው ከየት መጣ?

በፈረንጆች 1949 ዊልያም ሼልደን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር የአሜሪካን የጥንት ትላልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 በሚደርስ ቁጥር መደቡ። ቁጥሩ ሲፈጠር የዋጋ ስሌት ነበር፤ 70 የተባለው 1 ከተባለው ሰባ እጥፍ ያወጣል እንደማለት። ገበያው ስሌቱን ጥሎ ቁጥሩን ብቻ አስቀረ። በነገራችን ላይ፣ እኚሁ ሰው ከአሜሪካ የኑሚስማቲክስ (የሳንቲም ጥናት) ማኅበር ስብስብ የተሻሉትን ሳንቲሞች እየወሰዱ በራሳቸው ዝቅ ያሉ ሳንቲሞች ይተኩ እንደነበር ኋላ ላይ ተደርሶበታል። የመተማመኛችን መለኪያ አባት እንዲህ ያሉ ናቸው!

ሳንቲም መርምረው ደረጃ የሚሰጡትና በመያዣ የሚያሽጉት ድርጅቶች፣ ፒሲጂኤስ በ1986፣ ኤንጂሲ በ1987 ሥራ ሲጀምሩ ነጋዴው ራሱ ሻጭም ዳኛም የሆነበት ዘመን አበቃ። ትልቅ እፎይታ ነበር። ይሁን እንጂ 65 የሚለው ቁጥር አንድ ነጥብ ሳይሆን ሰፊ ሰፈር ነው። በሰፈሩ ውስጥ ለ66 ጥቂት የቀረው አለ፤ ከ64 በጭንቅ ያመለጠም አለ። በቁጥሮቹ መካከል የዋጋ ገደል ባለበት ቦታ ደግሞ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሳንቲሙ ጠንካራ የመሰለው ሰው መያዣውን ሰብሮ ለደረጃ እንደገና ያስመረምረዋል። አንድ ቁጥር ከፍ ካለለት ተሳካ፤ ካላለለትም ደጋግሞ ይሞክራል። ውጤቱን አስቡት። ጠንካራዎቹ 65ቶች ወደ 66 ይሰደዳሉ፣ ደካማዎቹ እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ ገበያ ላይ የምታገኙት 65 እያደር እየደከመ ይሄዳል፤ ማንም ሳይዋሽ።

ባቄላዋን የሚለጥፈው ተቋም፣ ሲኤሲ፣ በ2007 የተነሣው ለዚህ ነው። መሥራቹ ጆን አልባኒዝ ከፒሲጂኤስ መሥራቾች አንዱ የነበሩና ኤንጂሲንም ያቋቋሙ ሰው ናቸው፤ የቤቱን ጓዳ ያውቁታል። ሳንቲሙ ለተሰጠው ደረጃ ጠንካራ ከሆነ አረንጓዴ፣ ከዚያም በላይ ይገባው ከነበረ ወርቃማ ተለጣፊ ያገኛል። ያልበቃው እንዳለ ይመለሳል።

እኔ ክብደት የምሰጠው ግን ለተለጣፊዋ ቀለም አይደለም። አልባኒዝና ድርጅታቸው ያጸደቁትን ዓይነት ሳንቲም ለመግዛት ዋጋ አቅርበው ገበያ ውስጥ ቆመዋል። አስተያየት ርካሽ ነው፤ ገንዘብ የተያዘበት አስተያየት ሌላ ነገር ነው። የተለጣፊዋ ጭማሪ የሚጸናው ከኋላዋ ገዢ እስካለ ድረስ ነው። በ2023 ደግሞ የራሳቸው ደረጃ ሰጪ ድርጅት ሥራ ጀምሯል። ምስክሩ ራሱ ዳኛ ሲሆን ሌላ ምስክር ያሻው ይሆን? እያየን ነው።

አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሣ። ተለጣፊ ያላቸውንና የሌላቸውን የጨረታ ዋጋዎች አወዳድረን «ልዩነቱ የተለጣፊዋ ነው» እንላለን። አይደለም። ተለጣፊ ያገኘው ሳንቲም ቀድሞውኑ የተሻለ ነበር፤ ዐይን ያለው ገዢ ተለጣፊ ባይኖርበትም ጨምሮ ይከፍል ነበር። የተለጣፊዋ ድርሻ፣ ያንኑ የተሻለ ሳንቲም ከሩቅ ሆኖ በፎቶግራፍ ብቻ የሚገዛ ሰው እንዲደፍር ማድረጓ ነው። በአንጻሩ ባዶው፣ ማለትም ተለጣፊ የሌለበት መያዣ፣ ተጠርጣሪ ሆኗል። ሳንቲሙ ወድቆ ይሁን ጨርሶ ሳይላክ ቀርቶ መያዣው ላይ አይነበብም፤ ገዢው ግን እንደወደቀ ቆጥሮ ዋጋ ይቆርጣል። ከጭማሪው ከፊሉ እንግዲህ ከባዶዎቹ ኪስ የወጣ ነው።

በ1886 በኒው ኦርሊንስ የተመታውን ሞርጋን ዶላር የተባለውን የአሜሪካ የብር ሳንቲም ውሰዱ። ከአሥር ሚሊዮን በላይ ተመትቷል፤ ያገለገለው በቀላሉ ይገኛል፣ በ65 ደረጃ ግን እጅግ ብርቅ ነው። እዚህ ለሁለተኛ ዐይን መክፈል ያዋጣል። በየቦታው ለሚገኝ ርካሽ ሳንቲም ግን ክፍያውና ማጓጓዣው ጭማሪውን ይበሉታል።

እኔም አንድ ጊዜ የምወደውን ሞርጋን ዶላር ለዚሁ ማረጋገጫ ልኬ ያለ ተለጣፊ ተመለሰልኝ። ለሁለት ሳምንት ያህል ሳንቲሙን ማየት አስጠላኝ፤ አንዲት ጭረት እንኳ ሳይጨመርበት! ሦስተኛው ሳምንት ላይ መብራት ሥር አዟዙሬ ሳየው ጉንጩ ላይ ያለችውን፣ ለዓመታት አላይም ያልኳትን ጭረት አየኋት። ትክክል ነበሩ። አልሸጥኩትም።

ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ከሌሎች አራት ጋር ተቀምጧል። መለያ ጽሑፋቸውንና ተለጣፊዎቹን በወረቀት ሸፍኛለሁ። አጉሊ መነጽርና መብራቱ እዚያው አሉ። የየራሳችሁን ደረጃ በወረቀት ጻፉና ከሻይ በኋላ እንገልጣቸዋለን።